አረፍ ብላለች

እንቅልፍ የለም። ሉሱንጉ ኒሬንዳ መጋረጃውን ዘግቶ፣ በመጋረጃው ጠርዝ የሚሾልከውን ብርሃን በሹራብ ወትፎ፣ ካልሲውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘርሯል። ሌሊቱን ሽማግሌና አሮጊት ሲያገላብጥ ያነጋ ሰው ቀን መተኛት አለበት፣ ሰውነቱም ይለምነዋል፣ ጭንቅላቱ ግን አንዲት ቃል ይዞ ጣዕሟ እንዳለቀ ማስቲካ ያኝካል። አጣናቸው። አባትሽን አጣናቸው። ምን ቆርጦህ ነው ሉሱንጉ? ስንት ቃል ሞልቶልህ ያቺን ትመርጣለህ? ከታች አሳ ጠባሹ ዘይቱን አሙቋል፣ ሽታው በወለሉ ስንጥቅ ይወጣል፣ የባሕር ወፎቹ ጣሪያው ላይ በተጣለ ድንች ይጣላሉ፣ የእንግሊዟ ሃል ከተማ እንደ ሁልጊዜዋ ዝናቡን ልጣለው ወይስ ልተወው እያለች ታመነታለች። ከሰዓት በኋላ ጂሊያን ቢሮ ይፈለጋል። ጂሊያን የአረጋውያን መጦሪያው ኃላፊ ናት፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ክፉ ብትሆን ይሻለው ነበር። «ለመነጋገር ያህል ነው፣ ሆዴ» ብላዋለች። እዚህ ሰው ሁሉ ሆዴ ነው፤ የአውቶቡስ ሾፌሯም ሆዴ ትልሃለች፣ ዳቦ ሻጯም፣ ከሥራ የምታባርርህም። የመኖሪያ ፈቃዱ የተንጠለጠለው በዚያ ቤት ሥራ ላይ ነው፤ እነሱ በቃህ ካሉት አገሩም በቃህ ይለዋል፣ ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ምን ብሎ አገር ቤት ኤክዌንዴኒ ይገባል? በአንድ ቃል ተባረርኩ ይበል? የእንግሊዝኛ አስተማሪ የነበረው ሰውዬ?

አስተማሪ ነበር እንጂ። ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የእንግሊዞቹን «ሞተ» በትልቁ ይጽፍና ከሥሩ የቃሉን ዘመዶች ያሰልፋል። ለንጉሥ የሚባለው ይኸኛው ነው፣ በጦር ሜዳ ለወደቀ ያኛው፣ በጎርፍና በረሃብ ላለቀ ሕዝብ ደግሞ ሌላ አለ፤ ጎረቤትህ ሲሆን «አለፈ» ትላለህ፣ የምታከብረው ሲሆን «አረፈ» ትላለህ፣ ቤተሰቡ ፊትህ ቆሞ ሲያለቅስ ግን «አጣነው» በል፣ ያን ጊዜ ጉዳቱ የሟቹ ሳይሆን የቀሪው ነውና። እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ የራሱ ንግግር ራሱን ደስ እያሰኘው። ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን ታነሳለች፣ «ቲቸር፣ ለሒሳብ አስተማሪያችንስ የትኛው ይሆናል?» ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ እሱም እየሳቀ «እሱማ አይሞትም፣ ተካፍሎ ያልቃል» ይላቸዋል። ያን ጊዜ ቃል የሱ ነበር። እዚህ መጣና የቋንቋው ባለቤቶች በገዛ ቃላቸው ምን እንደሚያደርጉ አየ። ፖሊን፣ የሌሊቷ ነርስ፣ ብስኩቷን ሻይ ውስጥ እየነከረች «ዶሮቲን አጣናት እኮ» ትላለች፣ ከዚያ ስለ ውሻዋ ታወራለች። ጽዳቶቹ «የጥጓ ክፍል ሄደች» ይላሉ፤ ክፍሏ ነች የሄደችው፣ ሴትዬዋ አይደለችም። አንድ ጊዜ ለአንዲት ሟች ልጅ በስልክ «እናትህ በሰላም ሾልካ ሄደች» ስትለው ፖሊንን ሰምቷታል። ሾልካ! ሒሳቡን ሳይከፍል ከሆቴል እንደሚወጣ ሰው። ልጅየው ግን አመሰገናት። ፖሊንን ማንም ቢሮ አልጠራትም። ከነሱ አፍ ነው የወሰደው፤ በነሱ አፍ ሐዘን የነበረው ቃል በሱ አፍ ሲገባ ጥፋት ሆነ።

ክሊፍ ያረፉት ባለፈው ሳምንት ነው። አረፉ ይላል አሁንም፣ አፉ እምቢ ይለዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአይስላንድ በኩል አሳ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ እጃቸው እንደ መቅዘፊያ ሰፊ ነበር፣ ሉሱንጉ «ካፒቴን» ሲላቸው ከአልጋቸው ሳይነሱ ሰላምታ ይሰጡታል። ሁለቴ ከቤቱ ጠፍተዋል፤ መርከቧ ጥላኝ ልትሄድ ነው እያሉ በሌሊት ልብሳቸው ወደቡ ድረስ ሄደው ነው የተገኙት። ያን ዕለት ግን የትም አልሄዱም፣ ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ሊያገላብጣቸው ገብቶ እጃቸውን ሲይዘው እጁ መልስ አልሰጠም። ፖሊን ደግሞ ትንፋሽ ያጠራት ሌላ አሮጊት ላይ ተደፍታለች፣ ቀና ሳትል «ለልጃቸው ለጃኒስ ደውልላት ሆዴ፣ አንተ ቃል ታውቃለህ» አለችው። ቃል ታውቃለህ! ደስ አለው። እዚያች ደቂቃ ላይ ደስ እንዳለው ራሱ ያውቃል፣ ለማንም አይናገረውም እንጂ።

«ጃኒስ፣ ከመጦሪያው ነው፣ ሉ ነኝ።»

«አባዬ ምን ሆነ?»

«በጣም አዝናለሁ ጃኒስ። አባትሽን አጣናቸው።»

«በዚህ ብርድ?» አለች። «መቼ?»

«አሁን ነው። ገና አሁን።»

«በፈጣሪ! መጣሁ፣ መጣሁ» ብላ ዘጋችው።

በዚህ ብርድ ማለቷ ምንም አልመሰለውም። ሰው ሲደነግጥ ምን የማይለው አለ? የክሊፍን ፊት አጠበ፣ ፀጉራቸውን አበጠረ፣ አንሶላውን እስከ ደረታቸው ሳበ፣ መስኮቱን በትንሹ ከፈተ፤ ልጃቸው ስትመጣ ንጹሕ ሆነው ትያቸው ብሎ ጠበቀ። አልመጣችም። እነዚህ ሰዎች አባታቸው ሞቶ እንኳ ቁርሳቸውን ጨርሰው ነው የሚመጡት ብሎ ታዘባት፣ ያንንም አይረሳውም። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፣ ፖሊስ ነበር፣ የጠፉት ሽማግሌ ምን ለብሰው ነበር ብሎ ጠየቀ፣ ፖሊን ተቀብላ «የትኛው ሽማግሌ?» አለች፣ ያን ጊዜ ሉሱንጉ ግድግዳውን ያዘ። ጃኒስ ወደቡ ዳር ለዳር፣ ሃምበር ወንዝ እስኪታይ ድረስ አባቷን በስሙ እየጠራች ስትሮጥ ነው ያረፈደችው። መጣች። በሩን ራሱ ከፈተላት፤ ውሃ ከፀጉሯ ይንጠባጠባል፣ በሁለት እጇ የአባቷን ወፍራም ካፖርት አቅፋለች፣ ስታገኘው ልታለብሰው።

«እስካሁን ወሬ የለም?» አለችው።

«አልጋቸው ላይ ናቸው» አለ።

ፊቷ በራ። ይኸን ነው ዓይኑን በከደነ ቁጥር የሚያየው፣ ጩኸቷን አይደለም፣ ስድቧንም አይደለም፣ ያንን የበራ ፊት ነው። «ተገኘ? አንተ! ተገኘ እንዴ?» ብላ ትከሻውን ጨመቀችውና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች፣ ካፖርቱ ይከተላታል፣ እሱም እታች ቆሟል፣ አሁንም ቆሟል፣ አንዲት ቃል ነበረች የምታስቆማት፣ አጭር፣ ሕፃን ልጅ የሚናገራት፣ አልወጣችለትም። ጃኒስ! ብሎ ብቻ ጠራት። ሳትዞር «አመሰግናለሁ!» አለችው። አመሰገነችው እኮ። ከዚያ ከላይኛው ፎቅ ምን እንደሰማ አያስበውም። ስትወርድ ካፖርቱ አልነበረም፣ አልብሳቸው መሆን አለበት። «ሞተ ማለት ያቅትሃል?» አለችው ቀስ ብላ። «አንድ ቃል እኮ ነው። አንድ! አባቴ አልጋው ላይ እየቀዘቀዘ እኔን ዝናብ ላይ ታስሮጠኛለህ? ቋንቋውን ካላወቅክ ምናለ ዝም ብትል?» ቋንቋውን ካላወቅክ። ሰሌዳ ሙሉ አውቀው ነበር እኮ፣ እመቤቴ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮው ተበላሸ። ሰው የሚናገረውን ሳይሆን ያልተናገረውን መስማት ጀመረ። እናቱ፣ ኛምሃንጎ፣ ስልክ ከያዘች የምትለቅ ሴት አልነበረችም፤ ምን በላህ፣ የበቆሎ ገንፎአችን ንሲማ ይገኛል ወይ፣ ያ ብርድ ጉልበትህን አይበላውም ወይ፣ ያቺ ጎረቤቴ ኛጎንድዌ ደግሞ ፍየሌን በድንጋይ መትታ አንካሳ አደረገችብኝ ትላለች፣ ከዚያ ደኅና ዋል ብላ እንደገና ትጀምራለች። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ስልኩን የሚያነሳው ታናሽ ወንድሙ ታዎንጋ ነው። ትንሽ አሟታል፣ ክሊኒክ ሄዳለች፣ ተሽሏታል፣ ድምፅ ያደክማታል፣ አሁን እንቅልፍ ወስዷታል፣ አረፍ ብላለች። ሉሱንጉም እሺ ይላል። ደክሞት ነው የሚደውለው፣ እሺ ሲባል ያመቸዋል፣ እውነቱ ይኸ ነው፤ እናቱን ስትተኛ ማግኘት ጭውውቱን አሳጥሮለት ነበር፣ እንዲያውም አንዴ እፎይ ብሏል። ትናንት ታዎንጋ ስልኩን አንስቶ ከኋላው የማይታወቁ ሴቶች ድምፅ ሲሰማ፣ «እማስ?» ሲለው፣ «አርፋለች» አለ። አረፍ ብላለች አላለም። አርፋለች ነው ያለው። ወዲያው ደግሞ ስለ አየሩ አወራ። ሉሱንጉም ስለ አየሩ መለሰ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሥራ ገባ፣ ሌሊቱን አሳለፈ፣ ነጋ፣ ይኸው ካልሲውን ሳያወልቅ ተጋድሟል፣ ሁለቱ ቃላት እንደ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ግድግዳ ተከልለው ያንሾካሹካሉ።

ተነስቶ ተቀመጠ። ደወለ።

«ወንድማለም!» አለ ታዎንጋ፣ ሳቅ ጨምሮበት። «ምነው በቀን? ሥራ የለህም እንዴ?»

«እማን አቅርብልኝ።»

«አረፍ ብላለች።»

«ቀስቅሳት።»

«ሐኪሙ አትቀስቅሷት ብሏል። አሁን መድኃኒት ወስዳ—»

«ትናንት አርፋለች ነው ያልከኝ።»

«ያው ነው እኮ! አረፍ ብላለች፣ አርፋለች፣ ምን ለውጥ አለው? አስተማሪነትህን እዚያው ለእንግሊዞችህ—» ድምፁ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። «ኔትወርኩ እምቢ ብሏል ወንድማለም። ማታ ልደውልልህ። ማታ ሰው ታገኛለህ? አብሮህ የሚሆን ሰው? ያ ዛምቢያዊ ጓደኛህ—»

«ወደ ግላስጎ ከሄደ ቆየ።»

«እ… ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ሰውስ?»

«ለምንድን ነው ሰው የምትፈልግልኝ ታዎንጋ?»

ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ ነው፣ አዎ፣ ኔትወርኩ ነው። ሉሱንጉ ስልኩን እያየ ተቀመጠ። ከታች አንድ ሰው ኮምጣጤ ጨምሪበት ሲል ይሰማል። አገር ቤት ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ማን አለ? አጎቱ አይሆንም፣ አጎቱ ወሬ በሦስት ዙር ነው የሚነግርህ። ቄሱ ጸሎት ይጀምሩበታል። የስልኩን ስሞች ወደ ታች ሲገፋ «ኛጎንድዌ ነገረኛ» የሚለው ላይ ደረሰ። የእናቱ የአጥር ጎረቤት፣ የዕድሜ ልክ ባላንጣዋ፣ አንድ ጊዜ እዚህ ድረስ ደውላ እናትህ ፍየሏን ካላሰረች እከሳታለሁ ብላ የጮኸችበት። ሰው ደስ ይበለው ብላ ቃል አጣፍጣ አታውቅም። ጣቱ ተጫነው።

«ማነው?»

«እማማ ኛጎንድዌ፣ ሉሱንጉ ነኝ።»

«የቱ ሉሱንጉ? የኛ እንግሊዝ? ዛሬ ከየት ፀሐይ ወጣች! ምን ፈለግክ?»

«እናቴ እንዴት ናት?»

«ምን?»

«እናቴ።»

በስልኩ ውስጥ ዶሮ ጮኸች። ኛጎንድዌ «ሂጅ ወዲያ!» አለቻት ዶሮዋን፣ ከዚያ ዝግ ብላ፣ «አልነገሩህም?» አለች።

«አረፍ ብላለች ይሉኛል።»

«እነዚህ ልጆች!» አለች። «እነዚህ ፈሪዎች! ሞታለች እንጂ። ሞታለች፣ አንተ ልጅ፣ ቀብረናታል፣ አፈሩ ላይ ሣር ሊበቅልበት ነው። ምን ዓይነት ነገር ነው? የሞተ ሰው ተኝቷል ይባላል? ሦስት ቀን ብቻ ነው ሕመሙ ያማቀቃት፣ እኔ ራሴ ነኝ ያጠብኳት፣ ሌላ ሰው አይንካት ብያለሁ። አታምን ይሆናል። ጠላቷ ነበርኩ፣ እኔ ነኝ የማውቃት።» ዶሮዋን እንደገና አባረረች። «ልጆቹን ግን አትቆጣቸው። ሰው ሲያፈላልጉልህ ነው የቆዩት። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፣ ማን ይይዘዋል፣ ማን አጠገቡ ይቀመጣል ብለው፣ ዛሬ ይገኛል ነገ ይገኛል ሲሉ ወሩ አለፈ። ምነው፣ ብቻህን ነህ እንዴ?»

«የለም» አለ ሉሱንጉ። «ሰዎች አሉ አጠገቤ።»

«ደግ። እስኪ አንዱን አቅርብልኝ፣ አደራ ልበለው።»

ሉሱንጉ ክፍሉን አየው። ሹራቡ መስኮቱ ላይ፣ ጫማው በሩ ሥር፣ ትናንት የበላበት ሳህን። የባሕር ወፍ ጣሪያው ላይ ጮኸች።

«ገባኝ» አለች ኛጎንድዌ። ድምፅዋ ሌላ ሆነ፣ አጥር ላይ ቆማ ስትሳደብ የሚያውቀው አልነበረም። «እንግዲያው ስልኩን እንዳትዘጋው። ተቀምጠሃል? መሬት ተቀመጥ። በል።» ከዚያም ጀመረች፤ እዚያ ግቢዋ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለቅሶው ካለፈ ከወር በኋላ፣ ብቻዋን ሙሾዋን ለቀቀችው፤ ኛምሃንጎ፣ አጥሬን የገፋሽ፣ በቆሎዬን ያስበላሽ፣ ምሽት ምሽት ከማን ጋር ልጣላ፣ ልጅሽ ባሕር ማዶ ቀረ፣ ወለሉ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፣ ነይና እይው። ሉሱንጉ ወለሉ ላይ ነበር። እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቶ አፉን በብርድ ልብሱ አፍኖ አለቀሰ፣ አፍኖ፣ ምክንያቱም ከታች ሰዎች ምሳ ይበላሉ፣ ጮክ ብሎ ያለቀሰ ሰው እዚህ ፖሊስ ይጠራበታል። ሒሳቡ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ድምፅዋ ከጆሮው አልተለየም። ከዚያ ታጠበ። ሸሚዝ ቀየረ። ምን ያድርግ?

የጂሊያን ቢሮ ይሞቃል። ሻይ አቀረበችለት፣ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ይኸንንም ከሥልጠና ያመጣችው ነው። ዓይኑን አይታ «ደክሞሃል» አለችው።

«እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«አውቃለሁ፣ ሆዴ፣ ስለዚህ ስብሰባ ተጨንቀህ ነው። አትጨነቅ። አናሰናብትህም። ጃኒስ እንኳ ሰውየው ልቡ መጥፎ አይደለም ብላለች። ግን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ፣ ይገባሃል አይደል?»

«ይገባኛል።» እናቴ ልበላት? እናቴ ብላት ወዲያው ፊቷ ይጠወልጋል፣ እጄን ትይዛለች፣ ፈቃድ ውሰድ ትላለች፣ ከዚያ የት ልሄድ ነው ፈቃድ የምወስደው፣ ወደዚያ ክፍል? ደግሞስ ስትይዘኝ ምን ትለኛለች? በየትኛው ቃላቸው?

«ችግሩ ምን መሰለህ» ትላለች ጂሊያን፣ «ደግ ለመሆን ስንሞክር እንሸሻለን። አጣነው፣ አለፈ፣ ሄደ፣ እነዚህ ሁሉ ለኛ ለተናጋሪዎቹ ነው የሚያመቹን። ለሰሚው የሚያስፈልገው ግልጽ ቃል ነው። እስኪ አሁን እንለማመድ። እኔ የሟች ልጅ ነኝ፣ አንተ ትደውልልኛለህ። የጃኒስን አባት እንተወው፣ ያሳዝናል፤ እናት እናድርገው። እሺ? ስልኩ ጠራ፣ ቂው ቂው። ሃሎ?»

ሉሱንጉ ኩባያውን አስቀመጠ። «ከመጦሪያው ነው። ሉ ነኝ። በጣም አዝናለሁ… እናትሽ አርፈዋል።»

«አየህ? ተኝታለች ማለት ይሆናል። እንደገና።»

«እናትሽ አልፈዋል።»

«ወዴት? በየት በኩል? ሉ፣ ቃሏን ታውቃታለህ። ፍርሃት የለም። እኔና አንተ ብቻ ነን። ሃሎ?»

የመስኮቱ መስታወት ላይ ዝናቡ ወስኗል፣ ይወርዳል። ሉሱንጉ ጉልበቱ ላይ ያለውን የገዛ እጁን አየው። ሲናገር ድምፁ ለራሱም እንግዳ ነበር፣ ደረቅ፣ ጎርበጥ ያለ፣ ስንት ዓመት ልጆች ፊት ካሠለጠነው የአስተማሪ ድምፅ አንዳች ያልቀረበት።

«እናቴ ሞታለች» አለ።

«እናትሽ» አለች ጂሊያን ፈገግ ብላ። «እናቴ ሳይሆን እናትሽ። ለኔ ነው የምትነግረኝ፣ አይደል? ቃሏ ግን ልክ ናት! እንደገና፣ ከመጀመሪያው።»

«እናትሽ ሞታለች።»

«አዝናለሁ» ብላ አስጀመረችው።

«አዝናለሁ።»

«ጎበዝ!» ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው። «ልክ እንደዚህ ነው። አየህ፣ ያን ያህል ከባድ አልነበረም።» ተነስታ ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች፣ መነጽሯን አደረገች፣ የሌሊት ተረኞችን ስም በጣቷ እየተከተለች፣ «ዛሬ ማታ አለህ አይደል፣ ሆዴ?» አለችው።

«አለሁ» አለ ሉሱንጉ።